ከዝቃጭ እስከ ማዳበሪያ፦ የወስፋት እንቁላልን የሚያሸንፉት ሙቀትና ጊዜ

ረያን፦ «ረያን» ዓረብኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙም ውኃ የጠገበ፣ ጥሙ የረካ ማለት ነው። በእስልምና ትውፊት ጾመኞች የሚገቡበት የጀነት በርም በዚሁ ስም ይጠራል። ከዶሃ በስተምዕራብ የተዘረጋው የረያን ማዘጋጃ ቤት ይህን ስም ያገኘው መሬቱ ዝቅ ያለ በመሆኑና ዝናብ በጣለ ጊዜ ከዙሪያው ከፍታ የሚወርደው ውኃ ስለሚተኛበት እንደሆነ ይነገራል።

ዛሬ ግን ረያንን የሚያጠግባት የሰማይ ውኃ አይደለም። ኳታር ወንዝ የላትም፤ ዓመታዊ የዝናብ መጠኗም ከ100 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ነዋሪው የሚጠጣው ውኃ ከሞላ ጎደል በሙሉ ጨውነቱ የተወገደ የባሕር ውኃ ነው። ይህ በብዙ ወጪ የተገኘ ውኃ በቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ካገለገለ በኋላ ወደ ፍሳሽ መስመር ይገባል፤ ከዚያም በማጣሪያ ጣቢያዎች ታክሞ የመናፈሻ ሣርን፣ የመንገድ ዳር ዛፎችንና የእንስሳት መኖ እርሻዎችን ያጠጣል። ከታከመው ውኃ ተጠቃሚ ከሆኑት መካከል በአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የረኪያ የመኖ እርሻ አንዱ ነው።

የታከመው ውኃ ታሪክ በተደጋጋሚ ተነግሯል። ብዙ የማይነገርለት ከውኃው ተለይቶ ከሥር የሚቀረው ነገር ነው፤ እርሱም ዝቃጭ ይባላል። የማጣሪያ ጣቢያ በየቀኑ ሁለት ምርት ያመርታል፦ አንዱ ውኃ፣ ሌላው ዝቃጭ። ውኃው በንጽሕናው ሲመሰገን ዝቃጩ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይዞ ይጠብቃል፤ ወደ እርሻ ይመለስ ወይስ እንደ ቆሻሻ ይጣል? መልሱ በአብዛኛው የተንጠለጠለው ዓይን በማያየው የጥገኛ ትል እንቁላል ላይ ነው።

ሀብትም አደጋም የያዘ ጭቃ

በዓረብኛ ዝቃጭ «ሐምአ» ይባላል፤ ቃሉ ከጥንት ጀምሮ ጥቁር ጭቃን ያመለክታል። የአማርኛው ስያሜ ደግሞ «ዘቀጠ» ከሚለው ግስ የመጣ በመሆኑ የነገሩን አፈጣጠር ይናገራል፤ ዝቃጭ ማለት ከውኃ ውስጥ ከብዶ ከሥር የተኛ ማለት ነው።

በዚህ ጥቁር ጭቃ ውስጥ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብዙ ብስባሽ አለ። ለኳታር አሸዋማ መሬት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የበረሃ አፈር ብስባሹ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ውኃን አይይዝም፤ ያጠጡት ሁሉ ወደ ታች ይሰርጋል ወይም ይተናል። ብስባሽ የተጨመረበት አፈር ግን እንደ ስፖንጅ ውኃን አቅፎ ለሥር ያቆያል። ስለዚህ ዝቃጭ በአግባቡ ከታከመ የአፈር ምግብ ብቻ ሳይሆን የውኃ ቆጣቢም ነው። የምግብ ዋስትናን ከብሔራዊ ጉዳዮቿ አንዱ ላደረገች አገር ይህ ከፍ ያለ ዋጋ አለው።

ሌላው ወገን ደግሞ አደጋው ነው። ከሰው አንጀት የሚወጣው ባክቴሪያ፣ ቫይረስና ጥገኛ ተሕዋስ ሁሉ ወደ ፍሳሹ ይገባል። ከእነዚህም መካከል ለማጥፋት አስቸጋሪው የወስፋት እንቁላል ነው። አብዛኛው ባክቴሪያ በቀናትና በሳምንታት ሲሞት፣ የወስፋት እንቁላል ግን በእርጥብና ጥላ ባለው አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

እንቁላሉ ለምን ጠነከረ?

ወስፋት በአንጀት ውስጥ የሚኖር ክብ ትል ሲሆን እንስቷ እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ልትረዝም ትችላለች። አንዲት እንስት በቀን እስከ 200 ሺህ እንቁላል ትጥላለች። ቁጥሩ ብዙ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከሰው ሰገራ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው አፍ እስኪደርስ ያለው መንገድ ረጅምና አደገኛ በመሆኑ ከእንቁላሎቹ እጅግ የሚበዙት በመንገድ ይቀራሉ። ተፈጥሮ የመረጠችው ሁለተኛው መከላከያ ጽኑ ቅርፊት ነው።

የእንቁላሉ ርዝመት ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ አይበልጥም። ይሁንና ቅርፊቱ በንብርብር የተሠራ ነው። ከውጭ ሸካራ የፕሮቲን ሽፋን አለ፤ ከእርሱም በታች የነፍሳትን ጀርባ ከሚያጠነክረው ካይቲን የተባለ ንጥረ ነገር የተሠራ ወፍራም ግድግዳ ይገኛል፤ ከሁሉም ውስጠኛው ደግሞ የስብ ሽፋን ነው። ወፍራሙ ግድግዳ ከግጭትና ከጫና ይከላከላል፤ የስቡ ሽፋን ደግሞ አሲድ፣ ጨውና አብዛኛው መርዛማ ኬሚካል ወደ ፅንሱ እንዳይገባ ይዘጋል። ለመጠጥ ውኃ ማከሚያ የሚጨመረው የክሎሪን መጠን ይህን እንቁላል የማይገድለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንቁላሉ ከሰው ሰገራ እንደወጣ ወዲያውኑ በሽታ አያስይዝም። በሙቀት፣ በእርጥበትና በአየር ውስጥ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ በውስጡ እጭ ሲያድግ ነው የሚተላለፈው። ባልታጠበ እጅ፣ በጥሬ አትክልት ወይም በቆሻሻ ውኃ አማካይነት የተዋጠ እንቁላል በትንሹ አንጀት ይፈለፈላል፤ እጩም የአንጀትን ግድግዳ በስቶ በደም አድርጎ ወደ ጉበትና ወደ ሳንባ ይሄዳል። ከሳንባ በጉሮሮ በኩል ተውጦ እንደገና ወደ አንጀት ይመለስና ጎልማሳ ትል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ወስፋትን ጨምሮ በአፈር የሚተላለፉ የአንጀት ትሎች 1 ነጥብ 5 ቢሊዮን ያህል ሰዎችን ይዘዋል። ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዱትም ሕፃናት ናቸው፤ ምግባቸውን ከትሉ ጋር ስለሚካፈሉ ይቀጭጫሉ፣ ደማቸው ያንሳል፣ በትምህርታቸውም ይዳከማሉ።

ውኃው ሲጠራ እንቁላሉ የት ይሄዳል?

የእንቁላሉ ክብደት ከውኃ በጥቂቱ ይበልጣል። ስለሆነም ፍሳሹ በማጣሪያ ጣቢያው የማዝቀጫ ገንዳ ውስጥ ረግቶ ሲቆይ እንቁላሉም ከሌላው ደቃቅ ነገር ጋር ቀስ እያለ ይሰምጣል። ከዚህ ያመለጠውን ደግሞ የኋለኞቹ ማጣሪያዎች ይይዙታል። ከኳታር ትላልቅ ጣቢያዎች አንዱ በሆነው በዶሃ ሰሜን የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ውኃው እጅግ ረቂቅ በሆነ ወንፊት ያልፋል፤ እንዲህ ያለው ወንፊት ቀዳዳው ከወስፋት እንቁላል በሺህ እጅ ያህል ያነሰ ስለሆነ እንቁላል ሊያሳልፍ አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ማጣራት ማለት መግደል አይደለም። ውኃው ከእንቁላል ነጻ ሲሆን እንቁላሉ ከምድር አልጠፋም፤ የተዛወረው ወደ ዝቃጩ ነው። ብዙ ሜትር ኩብ ውኃ ውስጥ ተበትኖ የነበረው ሁሉ በጥቂት ጭቃ ውስጥ ይሰበሰባል። ውኃው ይበልጥ በተጣራ ቁጥር በዝቃጩ ውስጥ የሚከማቸው እንቁላል ይበዛል ማለት ነው። ስለዚህ ዝቃጭን ሳያክሙ ውኃን ብቻ ማከም ሥራውን በግማሽ መተው ይሆናል።

በኳታር ደረቅ አየር ጠባይ እነዚህ ትሎች በአፈር ውስጥ የመራባት ዕድላቸው ጠባብ ነው። ነገር ግን አገሪቱ ከብዙ አህጉራት የመጡ ሰዎች የሚኖሩባትና የሚሠሩባት ናት። በኳታር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉባቸው ጥናቶች ከውጭ በመጡ ነዋሪዎች ዘንድ የመንጠቆ ትልን ጨምሮ ልዩ ልዩ የአንጀት ጥገኞች እንደሚገኙ አሳይተዋል። ይህ የሚያሳፍር ጉዳይ አይደለም፤ ትሎቹ በቀላል መድኃኒት የሚጠፉ ናቸው። የማጣሪያ ጣቢያ መሐንዲስ ግን ፍሳሹ የማንን አንጀት እንዳለፈ ሊያውቅ ስለማይችል የሚሠራው ሁልጊዜ እንቁላል እንዳለ አድርጎ ነው።

የሙቀትና የጊዜ ስሌት

ክሎሪን ያልበገረውን እንቁላል ሙቀት ያሸንፈዋል። ሙቀት ሲጨምር የስቡ ሽፋን ይላላል፤ በውስጡ ያለው የፅንሱ ፕሮቲንም የዶሮ እንቁላል ሲቀቀል እንደሚረጋው ይረጋል። የረጋ ፕሮቲን ደግሞ ወደ ሕይወት አይመለስም።

ጥያቄው ስንት ሙቀት ለስንት ጊዜ የሚለው ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም በ1993 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው የዝቃጭ ደንብ ለዚህ ስሌት አስቀምጧል። በስሌቱ መሠረት ወፈር ያለ ዝቃጭ በ50 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ 13 ቀን ያህል መቆየት አለበት። በ55 ዲግሪ ከሁለት ቀን ተኩል በላይ፣ በ60 ዲግሪ 12 ሰዓት ተኩል፣ በ65 ዲግሪ 2 ሰዓት ተኩል፣ በ70 ዲግሪ ደግሞ 30 ደቂቃ ይበቃል። አምስት ዲግሪ በተጨመረ ቁጥር የሚያስፈልገው ጊዜ ወደ አምስተኛ እጁ ይወርዳል ማለት ነው። ይህን ማወቅ የነዳጅ ወጪን ከጊዜ ጋር ለማመዛዘን ይረዳል፤ ቦታና ጊዜ ያለው በዝቅተኛ ሙቀት ብዙ ይጠብቃል፣ ቦታ የጠበበው ደግሞ በከፍተኛ ሙቀት ፈጥኖ ይጨርሳል።

አንድ ጥብቅ ሁኔታ ግን አለ። ስሌቱ የሚሠራው የዝቃጩ እያንዳንዱ ቅንጣት ሙቀቱን ካገኘ ብቻ ነው። በክምሩ መሐል 65 ዲግሪ ተለክቶ በዳሩ 35 ከሆነ በዳር ያለው እንቁላል በሕይወት ይኖራል። በዚህ ሥራ የሚያሳስተው አማካይ ሙቀት ነው፤ ሊታይ የሚገባው ከሁሉ ቀዝቃዛው ጥግ ነው።

አራቱ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ በማሽን ሙቀት ማድረቅ ነው። ዝቃጩ በቅድሚያ በሚሽከረከር ማሽን ወይም በመጭመቂያ ውኃው ይወጣለታል፤ ከዚያም ወደ ማድረቂያ ገብቶ እርጥበቱ ከ10 በመቶ በታች እስኪሆን በትኩስ አየር ይደርቃል። በተጠቀሰው ደንብ መሠረት በዚህ ሂደት የዝቃጩ ወይም የሚወጣው እርጥብ ጋዝ ሙቀት ከ80 ዲግሪ መብለጥ አለበት። ውጤቱ እንደ ጥራጥሬ የደረቀ፣ ለማጓጓዝና ለማከማቸት የቀለለ ምርት ነው። በኳታር የመንገድና የፍሳሽ መሠረተ ልማትን የሚመራው የሕዝብ ሥራዎች ባለሥልጣን ወይም «አሽጋል» ከሚያስተዳድራቸው ጣቢያዎች መካከል ዶሃ ሰሜን የሙቀት ማድረቂያ የተተከለለት ነው። ዘዴው ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ በአንጻሩ ፈጣንና አስተማማኝ ከመሆኑም በላይ ቦታ አይፈጅም።

ሁለተኛው ማብላላት ነው። ዝቃጩ ከእንጨት ፍቅፋቂ፣ ከዘንባባ ቅጠል ወይም ከሣር ጋር ተቀላቅሎ ሲከመር ባክቴሪያዎች ብስባሹን እየበሉ ራሳቸው ሙቀት ያመነጫሉ። በመስመር የተከመረ ዝቃጭ በ55 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ለ15 ቀናት መቆየትና በእነዚህ ቀናት ውስጥ ቢያንስ 5 ጊዜ መገላበጥ አለበት። መገላበጡ አየር ለማስገባት ብቻ አይደለም፤ በዳር ቀዝቅዞ የቆየውን ወደ ትኩሱ መሐል ለማስገባትም ነው። በታሸገ ዕቃ ውስጥ ወይም አየር በቧንቧ በሚነፋበት ክምር ከሆነ 3 ቀን ይበቃል።

ሦስተኛው ኖራ ነው። ያልበረደ ኖራ ከእርጥብ ዝቃጭ ጋር ሲቀላቀል ሁለት ነገር ይሠራል፤ ሙቀት ያወጣል፣ ዝቃጩንም እጅግ አልካላይን ያደርገዋል። አልካላይንነቱ ከፍ ሲል በዝቃጩ ውስጥ ያለው አሞኒያ ወደ ጋዝነት ይለወጣል፤ ብዙ ኬሚካል የማይበሳውን የስብ ሽፋን ይህ ጋዝ ሰርጎ ይገባዋል። ደንቡ የአልካላይን መለኪያው ከ12 በላይ ሆኖ ለ72 ሰዓት እንዲቆይ፣ በዚያው ውስጥ ለ12 ሰዓት ሙቀቱ ከ52 ዲግሪ እንዲበልጥ፣ በመጨረሻም ዝቃጩ እንዲደርቅ ያዝዛል። ኖራ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ተጨምሮ ሽታው ቢጠፋም እንቁላሉ ሞቷል ማለት አይቻልም።

አራተኛው ትዕግሥት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ባወጣው መመሪያ ሰገራና የሰገራ ዝቃጭ ከ20 እስከ 35 ዲግሪ ባለው አካባቢ ከአንድ ዓመት በላይ፣ ቀዝቀዝ ባለ አገር ደግሞ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ሳይነካ ቢቀመጥ አደጋው በብዙ እንደሚቀንስ አመልክቷል። ዘዴው ማሽን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቦታ፣ አጥርና አዲስ ዝቃጭ በአሮጌው ላይ እንዳይደፋ የሚከለክል ጽኑ ሥርዓት ነው።

በአንጻሩ ብዙ ጊዜ በቂ መስሎ የሚታየው ባዮጋዝ የማምረት ሂደት ለዚህ ጉዳይ ብቻውን አይበቃም። የተለመደው የባዮጋዝ ጋን የሚሠራው በ35 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ይህ ከሰው አንጀት ሙቀት ብዙም የማይርቅ በመሆኑ ከወስፋት እንቁላል ብዙው ተርፎ ይወጣል።

ፀሐይ ብቻ ለምን አትበቃም?

በባሕረ ሰላጤው የበጋ ሙቀት ከ45 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ስለሆነ ዝቃጭን በፀሐይ አስጥቶ መተው ይበቃል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ነገር ግን ሁለት ችግሮች አሉ። አንደኛ፣ እርጥብ ነገር ውኃው እስኪተን ድረስ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ በእንስራ ያለ ውኃ በበረሃ እንደሚቀዘቅዘው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የላይኛው ቅርፊት ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ሥሩ እርጥብና ለብ ያለ ሆኖ ይቆያል። ለብ ያለ እርጥበት ደግሞ እንቁላሉን አይገድለውም፤ እንዲያውም እጩን ያሳድገዋል። ፀሐይ ጥሩ ረዳት የምትሆነው ዝቃጩ ስስ ሆኖ ሲሰጣ፣ በየጊዜው ሲገላበጥና ለረጅም ወራት ሲቆይ ነው።

ሞቷል የሚለው እንዴት ይረጋገጣል?

እንቁላል መኖሩ ብቻ አደጋ አይደለም፤ የሞተ እንቁላልም በማጉያ መነጽር ይታያል። ስለዚህ ቤተ ሙከራው ሁለት ጥያቄ ይመልሳል፦ ስንት አለ? ከእነዚህስ ስንቱ ሕያው ነው? በመጀመሪያ ናሙናው ከውኃ በሚከብድ የጨው ሙሙት ውስጥ ሲገባ ጭቃው ይሰምጣል፣ እንቁላሉ ግን ይንሳፈፋል። በማዝቀጫ ገንዳ ያሰመጠው ያው የክብደት ሕግ በቤተ ሙከራ ያወጣዋል። ቀጥሎ የተሰበሰበው እንቁላል በ26 ዲግሪ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት እንዲቆይ ይደረጋል። በውስጡ የሚንቀሳቀስ እጭ ያደገበት እንቁላል ሕያው ተብሎ ይቆጠራል።

በአሜሪካው ደንብ ከሁሉ የላቀውን ደረጃ ለማግኘት በ4 ግራም ደረቅ ዝቃጭ ውስጥ ከአንድ ያነሰ ሕያው እንቁላል መገኘት ይኖርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በአንድ ግራም ደረቅ ነገር ከአንድ እንቁላል በታች፣ ለመስኖ በሚውል የታከመ ውኃም በአንድ ሊትር ከአንድ የማይበልጥ እንዲሆን ይመክራል። ከላቀው ደረጃ በታች የሆነ ዝቃጭ በእርሻ ላይ ቢውል እንኳ እንደ ካሮትና ድንች ያሉ ከአፈር ሥር የሚበቅሉ ምርቶችን ለመሰብሰብ እስከ 38 ወር መጠበቅ እንደሚያስፈልግ የአሜሪካው ደንብ ይደነግጋል። ይህ ረጅም ጊዜ የእንቁላሉን ዕድሜ የሚያህል ጥንቃቄ ነው።

ለእነዚህ ቁጥሮች መነሻ የሆነው የታሪክ ትምህርት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመኗ ዳርምሽታት ከተማ አትክልት ባልታከመ ፍሳሽ ይጠጣ ስለነበር ወስፋት በነዋሪው ዘንድ እጅግ ተስፋፍቶ ተገኝቷል። ፍሳሽን ለእርሻ ማዋል ጥንታዊ ነው፤ ሳይታከም ሲሆን ግን በሽታው ከገበያ ቅርጫት ጋር ወደ ቤት ይገባል።

ከቃሊቲ እስከ አቃቂ ወንዞች

ይህ ጉዳይ በኢትዮጵያም የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ሥር የሚገኘው የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ለብዙ ዓመታት በኩሬዎች ሲሠራ ቆይቶ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ ለማከም እንዲችል ሆኖ ተስፋፍቷል። ከመስመር ጋር ካልተገናኙ ቤቶች ደግሞ የመጸዳጃ ጉድጓዶችን ዝቃጭ የፍሳሽ ማንሻ መኪኖች ይመጣሉ፤ ለረጅም ጊዜም በኮተቤ የዝቃጭ ማድረቂያ መደቦች አገልግለዋል። በእንደዚህ ያሉ መደቦች ላይ የጊዜና የመገላበጥ ሕግ ከተከበረ ዝቃጩ ወደ ጠቃሚ ብስባሽ ይለወጣል፤ ካልተከበረ ግን የደረቀ የሚመስለው ጭቃ በእንቁላል የተሞላ ሊሆን ይችላል።

በትንሹና በትልቁ አቃቂ ወንዞች ዳርቻ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቆስጣና ካሮት ለከተማዋ ገበያ ይመረታል። ወንዞቹ የከተማዋን ፍሳሽ የሚቀበሉ መሆናቸው የታወቀ ነው። ጎመኑ ስለሚበስል ሙቀቱ ይጠብቀዋል፤ ሰላጣው ግን ጥሬውን ይበላል። ሻካራው የእንቁላል ሽፋን በቅጠል ላይ ስለሚጣበቅ በውኃ አንድ ጊዜ ማለቅለቅ አይበቃም፤ ቅጠሉን አንድ በአንድ በወራጅ ንጹሕ ውኃ አሽቶ ማጠብ ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በትምህርት ቤቶች አገር አቀፍ የትል ማስወገጃ መድኃኒት ዘመቻ ጀምሯል። መድኃኒቱ በሆድ ያለውን ትል ያስወግዳል፤ በአፈር ያለውን እንቁላል ግን አይነካም። መድኃኒት የወሰደ ሕፃን ወደዚያው የተበከለ ግቢ ከተመለሰ በወራት ውስጥ እንደገና ሊያዝ ይችላል። ክኒኑ የሰንሰለቱን አንድ ቀለበት ሲቆርጥ የዝቃጭ ሕክምና ሌላውን ይቆርጣል፤ አንዱ ያለ ሌላው ሥራውን አይጨርስም።

ኢትዮጵያውያን ከኮሶ ትል ጋር ያላቸው ትውውቅም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የኮሶ ዛፍ አበባ፣ እንቆቆና መተሬ በየቤቱ የታወቁ የሆድ መድኃኒቶች ነበሩ። የኮሶ ትል እንቁላል ከሰው ሰገራ ወደ ግጦሽ ሲደርስ ከብቱ ከሣሩ ጋር ይበላዋል፤ እጩም በከብቱ ጡንቻ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰውም ጥሬ ሥጋ ሲበላ ትሉ ወደ እርሱ ይመለሳል። መኖን በታከመ ፍሳሽ ውኃ ለምታለማ አገርም፣ ጥሬ ሥጋን ለሚወድ ሕዝብም መልእክቱ አንድ ነው፤ የከብቱ ጤና የሚጀምረው ሣሩን ከሚያጠጣውና ከሚያዳብረው ነገር ነው።

የመጨረሻው እርምጃ

ዝቃጭ በትክክል ከታከመም በኋላ ሥራው አያበቃም። የታከመው ምርት ያልታከመውን በዛቀ አካፋ ከተነካ፣ በዚያው መኪና ከተጫነ ወይም በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ከተከመረ እንደገና ይበከላል። በመሆኑም ባለሙያዎች ጥሬው የሚገባበትንና የታከመው የሚወጣበትን በር ይለያሉ። ሠራተኞችም ጓንት፣ ቦት ጫማና የሥራ ልብስ ያስፈልጋቸዋል፤ ከምግብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ደግሞ ከሁሉ ርካሹ መከላከያ ነው። ከዝቃጭ ጋር ለሚውል ሰው የሰገራ ምርመራና የትል መድኃኒት በየጊዜው ማግኘት የሥራ ደኅንነቱ አካል ሊሆን ይገባል። የሙቀት ማድረቂያም ሆነ ማብላላት እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አያጠፋም፤ ስለሆነም የፋብሪካ ፍሳሽ ከቤት ፍሳሽ እንዳይቀላቀል ከምንጩ መቆጣጠር ያስፈልጋል።

ነዋሪውም ድርሻ አለው። የመጸዳጃ ጉድጓድ ዝቃጭን በቤት ጓሮ አትክልት ላይ ማፍሰስ፣ ምንም እንኳ ቅጠሉን ቢያወፍር፣ ለልጆች የሚተርፈው በሽታ ነው። በከረጢት የሚሸጥ ማዳበሪያ ከፍሳሽ ዝቃጭ የተሠራ ከሆነ በምን ዘዴ እንደታከመና ለየትኛው ተክል እንደተፈቀደ መጠየቅ የገዢው መብት ነው።

ስሟ ውኃ የጠገበ የሆነው ረያን ዛሬ የምትጠግበው ሰው አንድ ጊዜ ተጠቅሞበት በመለሰው ውኃ ነው። ውኃውን ተከትሎ ከሥሩ የቀረው ጥቁር ጭቃም ወደ አፈር ሊመለስ ይችላል፤ በ70 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ወይም በ55 ዲግሪ ብዙ ቀን፣ አለዚያም ሳይነካ ከዓመት በላይ ከቆየ በኋላ። ከእነዚህ አንዱ ሳይፈጸም ግን ዝቃጩ፣ ምንም ያህል ደርቆ ሽታውም ቢጠፋ፣ ገና ማዳበሪያ አልሆነም።